አግሎ በዝግታ ማቀዝቀዝ፦ አኒሊንግ ከጎጃም ምድጃ እስከ ላቦራቶሪ

ክረምት ሊገባ ሲል በጎጃም ቀጥቃጭ ቤቶች ደጃፍ የሚሰማው ቅሬታ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ ገበሬ ማረሻው ጥቂት ጥማድ እንዳረሰ ጫፉ እየታጠፈ፣ መላልሶ ማስቀጥቀጥ እንዳሰለቸው ይናገራል፤ ሌላው ደግሞ ማረሻው ድንጋይ ሲነካ ቀጭ ብሎ ተሰብሮ ጫፉ መሬት ውስጥ እንደቀረበት ያማርራል። የሚገርመው ሁለቱም ማረሻዎች ከአንድ ቀጥቃጭ እጅ የወጡ፣ በአንድ ምድጃ የጋሉና በአንድ ገንዳ ውሃ የቀዘቀዙ ሊሆኑ መቻላቸው ነው። ገዢው ጥፋቱን በቀጥቃጩ ያላክካል፤ ቀጥቃጩ በበኩሉ «ብረቱ ነው» ይላል። በእኔ እምነት ቀጥቃጩ አልተሳሳተም፤ ይሁን እንጂ መልሱ በዚህ የሚያበቃ አይደለም።

ዛሬ ወደ ምድጃው የሚገባው ብረት አንድ ዓይነት አይደለም። ከግንባታ የተረፈ ፌሮ፣ ከአሮጌ የጭነት መኪና የወለቀ ባሌስትራ፣ ጥርሱ ያለቀ ሞረድ፣ የተቆራረጠ ላሜራ በአንድ ክምር ላይ ተደባልቆ ይሸጣል። ለዓይን ሁሉም የዛገ ብረት ነው፤ በውስጡ ያለው የካርቦን መጠን ግን እጅግ ይለያያል። ተራ ፌሮ ከመቶ 0.2 እስከ 0.3 ያህል ካርቦን ሲይዝ፣ ባሌስትራ ከ0.5 እስከ 0.6 ያህል፣ ጥሩ ሞረድ ደግሞ ከ1 በላይ ይይዛል። ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላው ይህ ልዩነት አንዱን ብረት የቱንም ያህል ውሃ ቢነከር የማይጠነክር፣ ሌላውን ደግሞ በዚያው ውሃ ውስጥ የሚሰነጠቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ከአባት የተወረሰው የማጋልና የማቀዝቀዝ ሥርዓት፣ ብረቱ በተለዋወጠ ቁጥር ውጤቱ የተለያየ መሆኑ አያስደንቅም።

በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የብረታ ብረት ክፍል ውስጥ በሙቀት የብረትን ጠባይ መለወጥ በሦስት የእንግሊዝኛ ስሞች ይሰጣል። ኳንቺንግ የጋለን ብረት በውሃ ወይም በዘይት በድንገት ማቀዝቀዝ ነው፤ ቴምፐሪንግ በዚህ መንገድ የጠነከረውን ብረት እንደገና በመጠኑ አሙቆ እንዳይሰበር ማድረግ ነው፤ አኒሊንግ ደግሞ አግሎ፣ በጋለበት ጥቂት አቆይቶ፣ አብዛኛውን ጊዜም በዝግታ እንዲቀዘቅዝ ትቶ ማለዘብ ነው። ከሦስቱ ብዙ የማይወራለት የመጨረሻው ነው። ስለት የሚያወጣው፣ እንፋሎቱም ሲፍለቀለቅ የሚታየው ኳንቺንግ ስለሆነ ተመልካቹም ተማሪውም ዓይኑን እሱ ላይ ይጥላል። ከእደ ጥበብ ወጥቶ ወደ ሳይንስ በጣም ርቆ የሄደው ግን አኒሊንግ ነው፤ ዛሬ ስሙ በዘረመል ላቦራቶሪና በኮምፒውተር ሳይንስ መማሪያ ውስጥ ይገኛል።

ነገሩን ለመረዳት ከብረት ይልቅ ከብር መጀመር ይሻላል። በ19ኛው መቶ ዘመን በባሶ ገበያ፣ ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ነጋዴና የጎጃም ሰው ሲገበያዩ፣ ትልቁ መገበያያ ማርትሬዛ ብር ነበር። ይህ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የኦስትሪያ ገንዘብ ወደ 28 ግራም ይመዝናል፤ ከመቶ 83.3 እጁ ብር ሲሆን የቀረው መዳብ ነው። ገንዘብነቱ ካበቃም በኋላ፣ ከዚያም በፊት፣ አንጥረኞች እያቀለጡ መስቀል፣ ድሪ፣ አምባርና አልቦ ሠርተውበታል። «ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» የሚለው አነጋገር ግን ለዚህ ሥራ አያገለግልም፤ አንጥረኛው ብሩን የሚቀጠቅጠው ቀዝቅዞ ነውና።

ሥራው በቅርብ ሲታይ እንዲህ ነው። ቀልጦ የተዘረጋው ብር በመዶሻ ሲመታ መጀመሪያ ላይ እየታዘዘ ይሳሳል፣ ይሰፋል። እየቆየ ግን እምቢተኛ ይሆናል፤ ድምፁ ይቀጥናል፣ መዶሻው ከላዩ ላይ ይነጥራል፣ ዝም ተብሎ ከተመታም ጠርዙ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ብቅ ይላል። ልምድ ያለው አንጥረኛ ስንጥቁን አይጠብቅም። ድምፁ እንደተለወጠ ብሩን ወደ ፍሙ ይመልሰዋል፤ ይህንንም የሚያደርገው ከፀሐይ ራቅ ብሎ በጥላ ውስጥ ነው፤ የሚፈልገው ቀለም በጠራራ ፀሐይ የማይታይ ደብዛዛ ቀይ፣ ማለትም ከ600 እስከ 650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ያለው ስለሆነ ነው። ይህ የብርና የመዳብ ቅይጥ በ779 ዲግሪ መቅለጥ ስለሚጀምር የስሕተቱ ዳርቻ ጠባብ ነው፤ ቴርሞሜትር በሌለበት ቤት ያን ዳርቻ የሚጠብቀው የአንጥረኛው ዓይን ብቻ ነው። ቀለሙ እንደታየ ብሩ ከእሳት ይወጣል፣ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ እንደገናም ለመዶሻ የሚታዘዝ ሆኖ ይወጣል።

ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው። የጋለ ብር ውሃ ውስጥ ሲነከር ለስላሳ ሆኖ ይወጣል፤ ከባሌስትራ የተሠራ የጋለ ማረሻ እዚያው ውሃ ውስጥ ሲነከር ግን ሞረድ የማይበላው ጠንካራ ይሆናል። ማጠንከር የውሃው ጠባይ ቢሆን ኖሮ ብሩም በጠነከረ ነበር። እንዲያውም በብርና በመዳብ ቅይጥ ዘንድ በዝግታ የቀዘቀዘው ከተነከረው በመጠኑ ይጠነክራል። አንድ አድራጎት በሁለት ማዕድን ላይ ተቃራኒ ውጤት የሚሰጥ ከሆነ፣ ምክንያቱ መፈለግ ያለበት በገንዳው ሳይሆን በማዕድኑ ውስጥ ነው።

በማንኛውም ማዕድን ውስጥ አተሞች በመደዳ የተሰለፉ ናቸው፤ ሰልፉ ግን ፍጹም አይደለም፤ አንዳንድ መደዳ ተዛንፎ ይገኛል። መዶሻ ሲያርፍበት ማዕድኑ ሳይሰበር የሚታጠፈው እነዚህ የተዛነፉ ቦታዎች በውስጡ ስለሚንሸራተቱ ነው። ይህን ሐሳብ ቴይለር፣ ኦሮዋንና ፖላኒ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች በየፊናቸው ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። መቀጥቀጡ በቀጠለ መጠን የተዛነፉት ቦታዎች ይበዛሉ፤ በደንብ በለዘበ ማዕድን ውስጥ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር በሚሊዮኖች የሚቆጠሩት፣ እጅግ በተቀጠቀጠው ውስጥ በመቶ ቢሊዮኖች ይቆጠራሉ። በዚህ ጊዜ እርስ በርሳቸው ይተበተባሉ፣ መንገድ ይዘጋጋሉ፣ የአንጥረኛው መዶሻም መንጠር ይጀምራል። ሙቀት የሚሠራው ሥራ ለአተሞቹ የመንቀሳቀስ ነፃነት መስጠት ነው። የተተበተበው ይፈታል፤ ከአሮጌው ውስጥም ያልተዛነፉ አዳዲስ ጥቃቅን ክሪስታሎች ይበቅላሉ። እሳቱ ከበዛና ከቆየ ደግሞ እነዚሁ ክሪስታሎች ከልክ በላይ ያድጉና ብሩ ሲታጠፍ ላዩ ይሻክራል፤ ስለዚህ ማቆየትም መጠን አለው።

ብር ውስጥ ነገሩ በዚህ ያበቃል፤ አዲሶቹ ክሪስታሎች ከተፈጠሩ በኋላ ውሃ ቢነከር ለስላሳነቱን አያጣም። ካርቦን ያለበት ብረት ግን ሌላ ጉዳይ ይጨምራል። ብረቱ ከ727 ዲግሪ በላይ ሲግል የአተሞቹ አሰላለፍ ራሱ ይለወጥና ካርቦንን በብዛት የሚያስተናግድ ይሆናል፤ ሲቀዘቅዝ ወደ ቀድሞው አሰላለፍ መመለስ ይፈልጋል፤ ቀድሞው አሰላለፍ ግን ካርቦን የሚያስገባው እጅግ ጥቂት፣ ከመቶ 0.02 ያህል ብቻ ነው። ቅዝቃዜው ዝግ ያለ ከሆነ ካርቦኑ ጊዜ አግኝቶ ይወጣና ከብረት ጋር ተዋሕዶ በቀጫጭን ንብርብር ይቀመጣል፤ ብረቱም ይለዝባል። ቅዝቃዜው ድንገተኛ ከሆነ ካርቦኑ መውጫ ያጣል፤ ሰልፉን ወጥሮ እንደያዘ ይቀራል፤ ያ ውጥረት ነው ጥንካሬም መሰባበርም የሚሆነው። ፌሮ ውስጥ ወጥሮ የሚይዝ ካርቦን ስለማይበቃ መንከሩ እምብዛም አይለውጠውም። ከዚህም ሌላ ብዙው ዘመናዊ ፌሮ ከፋብሪካ ሲወጣ ላዩ በውሃ ተቀዝቅዞ የጠነከረ ስለሆነ፣ ገዢው በመደብሩ ያየው ጥንካሬ ቀጥቃጩ ምድጃ ውስጥ ሲገባ አብሮ ይጠፋል። ማረሻው የሚታጠፍበትም ምክንያት ይኸው ነው።

ይህ ማብራሪያ ዛሬ ቀላል ይመስላል፤ የተደረሰበት ግን በጣም ዘግይቶ ነው። በ12ኛው መቶ ዘመን ቴዎፍሎስ የተባለ የአውሮፓ መነኩሴ ብረት ለማጠንከር የፍየል ሽንት ይሻላል ብሎ ጽፏል፤ በዚያ ዘመን ምስጢሩ ያለው በፈሳሹ ውስጥ ነው ተብሎ ይታመን ነበርና። ፈረንሳዊው ሬኦሙር እ.ኤ.አ. በ1722 ስለ ብረትና ፎላድ (ካርቦን ያለበት ጠንካራ ብረት) ሲጽፍ የሚለወጠው የብረቱ ውስጥ መሆኑን ቢረዳም፣ ለውጡን ያመጣው «ድኝና ጨው» ነው ብሎ ነበር። ልዩነቱ የካርቦን መሆኑን ቫንደርሞንድ፣ በርቶሌና ሞንዥ በግልጽ ያሳዩት በ1786 ነው። በ1860ዎቹ ደግሞ የሼፊልዱ ሶርቢ ብረትን አለስልሶ፣ በአሲድ ነክሮ፣ በማይክሮስኮፕ ማየት ጀመረ፤ ያንን ቀጫጭን ንብርብርም ቆይቶ ለይቶ አየው። በድንገት የቀዘቀዘው ብረት የሚይዘውን መልክ ኦዝሞንድ በ1895 ለጀርመናዊው አዶልፍ ማርተንስ ክብር ማርተንሳይት ብሎ ሰየመው። የዓለም ቀጥቃጮች ግን ያንን ሁሉ ጊዜ ጥሩ ሰይፍና ጥሩ ማረሻ ይሠሩ ነበር፤ ይህን የምለው ትምህርትን ለማሳነስ አይደለም፤ እጅ ከጽንሰ ሐሳብ ቀድሞ ሊሄድ እንደሚችል ለማስታወስ ነው።

አኒሊንግ የሚለው ስም ራሱ ከጥንታዊ እንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን የመጀመሪያ ትርጉሙ ማቀጣጠል፣ በእሳት ማቃጠል ብቻ ነበር። መስተዋት ሠሪዎች ይጠቀሙበት ስለነበር ቀስ በቀስ ትርጉሙ ከማቃጠል ወደ ማቀዝቀዝ አዘነበለ፤ መስተዋት ላይ ከባዱ ክፍል ማቀዝቀዙ ነውና። ተነፍቶ የተሠራ ብርሌ ከውጭ ፈጥኖ ከውስጥ ዘግይቶ ከቀዘቀዘ፣ ውጥረቱን እንደያዘ ይቀርና ሳይታሰብ፣ ምናልባትም ጠጅ ሲቀዳበት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ወደ 550 ዲግሪ አካባቢ ይቆይና ለሰዓታት በዝግታ ይቀዘቅዛል። የሚኒባስ የጎን መስተዋት የተሠራው በተቃራኒው ነው፤ ሆን ተብሎ በነፋስ በድንገት ስለሚቀዘቅዝ ውጥረቱን ይዞ ይጠነክራል፤ ሲሰበርም እንደ ተራ መስተዋት በስለት ሳይሆን በጥቃቅን ፍርፋሪ ይረግፋል። ፋብሪካዎች ይህን «ቴምፐርድ» ይሉታል፤ በብረት ቤት ቴምፐሪንግ ማለት ውጥረትን መቀነስ ስለሆነ፣ ሁለቱን ሙያ የሚማር ተማሪ እዚህ ላይ ቢደናገር አይፈረድበትም።

ስሙ ከእሳት ቤት የወጣው በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ዶቲ፣ ማርመርና ባልደረቦቻቸው የባክቴሪያ ዲኤንኤን አሞቁ፤ እንደሚታወቀው ዲኤንኤ ሁለት ገመዶች የተጠማዘዙበት ስለሆነ ሙቀት ሲበረታበት ይለያያሉ። በድንገት ሲያቀዘቅዙት ገመዶቹ እንደተለያዩ ቀሩ፤ በዝግታ ሲያቀዘቅዙት ግን እያንዳንዱ ገመድ ጥንዱን ፈልጎ አገኘ፤ ሥራውንም መልሶ መሥራት ቻለ። አንጥረኛና ቀጥቃጭ በማዕድን ያዩትን ጉዳይ እነዚህ ተመራማሪዎች በሕይወት ሞለኪውል ላይ አዩት ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የአኒሊንግ ስም ተስማምቶት ቀረ። በ1983 ካሪ ሙሊስ ያሰበው፣ በ1993 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት፣ ዲኤንኤን የማባዣ ዘዴ የሆነው ፒሲአር ከሦስት እርምጃዎቹ አንዱ ይኸው ነው። ናሙናው ወደ 95 ዲግሪ ይሞቅና ገመዶቹ ይለያያሉ፤ ከዚያ ከ50 እስከ 65 ዲግሪ ወዳለው ይወርድና አጫጭር መነሻ ቁርጥራጮች በሚስማማቸው ቦታ ይለጠፋሉ። ይህኛው እርምጃ አኒሊንግ ይባላል። ሙቀቱ ከልክ በላይ ከወረደ ቁርጥራጮቹ በማይመለከታቸው ቦታም ይለጠፋሉ፤ ከልክ በላይ ከሆነ ጭራሽ አይለጠፉም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ፒሲአር የሚለው ስም በየቤቱ ተሰማ፤ ውጤት ሲጠብቅ ከነበረው ሰው ግን በመሣሪያው ውስጥ የአንጥረኛ ሙያ ስም ያለው እርምጃ እየተካሄደ መሆኑን ያወቀ ብዙ አልነበረም።

በዚያው በ1983 ኪርክፓትሪክ፣ ጌላትና ቬኪ የተባሉ የአይቢኤም ተመራማሪዎች ስሙን ወደ ኮምፒውተር ወሰዱት። የያዙት ችግር ብዙ አማራጭ ካለበት ነገር የተሻለውን መምረጥ ነበር። ለምሳሌ ከባሕር ዳር ተነስቶ መራዊ፣ ዱርቤቴ፣ ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ደምበጫ፣ አማኑኤል፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደጀን፣ ቢቸና፣ ሞጣና አዴት ማዳበሪያ አድርሶ የሚመለስ መኪና አስራ ሦስቱን ከተሞች የሚጎበኝበት ቅደም ተከተል ብዛት 6,227,020,800 ነው። የጎጃምን መንገድ ለሚያውቅ ሾፌር መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ በዳንግላ ሄዶ በሞጣ መመለስ ብቻ ነው። መኪናዎቹ ብዙ ሲሆኑ፣ ጭነቱ ሲለያይ፣ እያንዳንዱ ወረዳ ማዳበሪያውን በተለያየ ቀን ሲፈልግ ግን የሾፌሩም ልምድ አይበቃም፤ ሁሉንም አማራጭ አንድ በአንድ መቁጠርም አይቻልም።

እነዚህ ተመራማሪዎች ከ1953 ጀምሮ በፊዚክስ ይታወቅ የነበረን የሜትሮፖሊስ ስሌት ወስደው፣ በውስጡ ያለውን «ሙቀት» የሚባል ቁጥር በዝግታ እየቀነሱ ለዚህ ችግር አዋሉት። ኮምፒውተሩ አንድ ዕቅድ ይዞ ጥቂት ይለውጠዋል፤ የተሻለ ከሆነ ይቀበለዋል፤ የባሰ ከሆነም ሙቀቱ ከፍ እስካለ ድረስ አልፎ አልፎ ይቀበለዋል። የባሰውን መቀበሉ ሞኝነት ቢመስልም፣ መካከለኛ በሆነ ዕቅድ ላይ ተቸክሎ ከመቅረት ያድነዋል። ሙቀቱ በዝግታ ሲቀንስ የባሰውን የመቀበል ዕድሉም አብሮ ይቀንሳል፤ በመጨረሻም ዕቅዱ ይረጋል። ሙቀቱ በድንገት ከተቀነሰ ኮምፒውተሩ ያገኘው የመጀመሪያው ደካማ ዕቅድ ላይ ይደርቃል፤ ባለሙያዎቹም ይህንን ያለ ይሉኝታ ኳንቺንግ ይሉታል። እዚህ ላይ የሚሞቅም የሚቀዘቅዝም ነገር የለም፤ ከእደ ጥበቡ የቀረው አስቀድሞ ነፃነት መስጠትና ቀስ ብሎ መንሳት የሚለው አካሄድ ብቻ ነው።

ወደ ቀጥቃጩ ቤት ስንመለስ የሚታየው ክፍተት ይህ ነው። ኮሌጁ የብረትና የካርቦንን ሰንጠረዥ ያስተምራል፤ ተማሪው 727 የሚለውን ቁጥር ለፈተና ያጠናል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ወናፍ ነፍቶ፣ የብረቱን ቀለም አይቶ፣ ያንን ቁጥር በዓይኑ አልለየውም። ቀጥቃጩ ቀለሙን ያውቃል፤ ክምሩ ውስጥ ያለው ብረት የትኛው ባሌስትራ፣ የትኛው ፌሮ መሆኑን ቅርጹ ሲጠፋ የሚለይበት መንገድ ግን አልተሰጠውም። ሁለቱ እንዳይገናኙ ያደረገው አንዱ ምክንያት ቀጥቃጭን የማራቅ አሮጌ ልማድ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል፤ ስድቡ ከአደባባይ ቢቀንስም ቀጥቃጩን መምህር አድርጎ ኮሌጅ ውስጥ ማስገባት ገና አልተለመደም። ከወርክሾፕ መሣሪያ ግዢ በፊት ይህ ቢታሰብበት ወጪውም ያነሰ፣ ጥቅሙም የቀረበ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

የሚያስፈልገው ነገር ውድ አይደለም። ከማይታወቀው ብረት ትንሽ ቁራጭ ይቆረጣል፤ ቀይ እስኪሆን ይግላል፤ ማግኔት ጠጋ ሲደረግለት መሳብ ሲያቆም፣ ይኸውም 770 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ፣ ትንሽ ተጨምሮበት ውሃ ይነከራል። ከቀዘቀዘ በኋላ ሞረድ ይሳብበታል። ሞረዱ ሳይነክስ ከተንሸራተተ፣ ቁራጩም መስፍ ላይ ሲመታ ከተሰበረ፣ ብረቱ ለማረሻ ጫፍ የሚሆን ካርቦን አለው። እንዲህ ያለው ብረት ከመቀጥቀጡ በኋላ እንደጋለ በደረቅ አመድ ተቀብሮ እስከ ማግስቱ ቢተው ይለዝባል፤ ሞረድም ይቀበላል። ቅርጹ ሲያልቅ ጫፉ ብቻ እንደገና ይግልና ከውሃ ይልቅ በዘይት ይነከራል፤ ባሌስትራን ውሃ ሊሰነጥቀው ስለሚችል ነው፤ ዘይቱ ሊቀጣጠልና ጭሱም ሊጎዳ ስለሚችል ደግሞ ይህ ደጅ ላይ፣ ክዳን ያለው ዕቃ ተይዞ የሚሠራ ነው። ከዚያ ጫፉ ታሽቶ ከነጣ በኋላ ከኋላው በኩል በዝግታ ይሞቃል፤ ቀለሙ መጀመሪያ ገለባ መሳይ ቢጫ፣ ቀጥሎ ሐምራዊ፣ 300 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ደግሞ ሰማያዊ ይሆናል። ለምላጭ ቢጫው ይበቃል፤ የቢቸናን መረሬ ቀዶ ድንጋይ ለሚገጥም ማረሻ ግን ሰማያዊው ይሻላል። በፈተናው ጊዜ ሞረዱ ቁራጩን እንደ ልቡ ከበላው ግን ብረቱ ፌሮ ወይም መሰሉ ስለሆነ ዘይትም ውሃም አይባክንበትም፤ ሳይሰበር መታጠፍ ለሚፈለግበት ለወገል፣ ማለትም ድግሩን ለሚያያይዘው የብረት ቀለበት፣ ይውላል።